ጸጥታን የሚጠብቅ ማን ነው?

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይባላል። ብዙ ሰው ስለ ፖሊስ ያለው ግምት ከዚህ ምሳሌያዊ አነጋገር ጋር ይመሳሰላል። ንብረት ከተሰረቀ፣ ሰው ከተደበደበ በኋላ ፖሊስ ይጠራል፤ ፖሊስም መጥቶ ይመዘግባል፣ ይመረምራል፣ ወንጀለኛውን ይይዛል። ይህ ሁሉ አስፈላጊ ነው። ነገር ግን ጉዳት ከደረሰ በኋላ የሚሠራ ሥራ እንጂ ከጉዳት የሚያድን ጥበቃ አይደለም። እውነተኛ ጥበቃ የሚጀመረው ፖሊስና ነዋሪው ወንጀል ሳያገናኛቸው ሲተዋወቁ ነው።

ለዚህ ከአሜሪካ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በዚያች ሀገር በአብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች ውስጥ ካውንቲ የሚባሉ የአስተዳደር ክልሎች አሉ። በአብዛኞቹ ካውንቲዎች ሸሪፍ የሚባል ሕግ አስከባሪ ሹም ይገኛል። ማዕረጉ ከጥንታዊት እንግሊዝ የተወረሰ ነው። በዚያ ዘመን ሸሪፉ የንጉሥ ሹም ነበር፤ በአሜሪካ ግን በአብዛኛው ሕዝቡ በድምፁ ይመርጠዋል። ሥልጣኑን የሚያገኘው ከሚጠብቃቸው ሰዎች ነውና ሊያውቃቸውና ሊያውቁት ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ1972 ዓ.ም. የሀገሪቱ የሸሪፎች ማኅበር የሰፈር ጥበቃ ፕሮግራምን በአገር አቀፍ ደረጃ ጀመረ። አሠራሩ ቀላል ነው። የአንድ ሰፈር ነዋሪዎች ይሰበሰባሉ፤ የሸሪፉ ረዳቶችም ተገኝተው ቤት ከሌባ እንዴት እንደሚጠበቅ፣ አጠራጣሪ ድርጊት ሲታይ ለማን እንደሚነገር ያስረዳሉ። ነዋሪው ያያል፣ ያስታውቃል፤ ራሱ ግን አያሳድድም፣ አይዝም።

ሕዝብን በጥበቃ ማሳተፍ ለኢትዮጵያም እንግዳ ነገር አይደለም። በቀድሞ ዘመን አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ የሚባል ሥርዓት ነበር። ወንጀል ተፈጽሞ አድራጊው ሳይታወቅ ሲቀር የአካባቢው ሰዎች በአንድ ቦታ ተሰብስበው ጥፋተኛውን እንዲያወጡ ይደረግ ነበር፤ እስኪወጣም ድረስ ወደየቤታቸው እንዳይመለሱ ይከለከሉ ነበር። ሥርዓቱ ጎረቤት ስለ ጎረቤቱ ብዙ እንደሚያውቅ በሚገባ የተረዳ ነበር። ሆኖም ሁለት ጉድለቶች ነበሩበት። አንደኛ፣ የሚጀመረው ከወንጀሉ በኋላ ነው። ሁለተኛ፣ ንጹሑን ከበደለኛው ጋር አብሮ ያጉላላል። በግዴታ የተገኘ ቃል ደግሞ ሁልጊዜ እውነት አይሆንም።

እርግጥ ነው፣ ይህን አስተሳሰብ የሚቃወሙ አሉ። «ጎረቤት ጎረቤቱን እንዲጠባበቅ ማድረግ ሰውን ሰላይ ያደርጋል፤ እንግዳውና ድኻው ሁሉ እንደ ሌባ ይታያል» ይላሉ። ይህ ሥጋት በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 ዓ.ም. በፍሎሪዳ፣ ሳንፎርድ በተባለች ከተማ አንድ የሰፈር ጥበቃ በጎ ፈቃደኛ መሣሪያ ያልያዘ የ17 ዓመት ጥቁር ወጣትን አጠራጣሪ ነው ብሎ ከተከታተለው በኋላ በጥይት ገደለው። ገዳዩ «ራሴን ስከላከል ነው» ብሎ ተከራክሮ በሚቀጥለው ዓመት በፍርድ ቤት ነጻ ተለቀቀ። የወጣቱ ሕይወት ግን አልተመለሰም።

እንግዲህ ከዚህ የምንማረው የሕዝብ ተሳትፎ ይቅር የሚለውን አይደለም፤ ወሰኑ ይታወቅ የሚለውን ነው። ነዋሪው ለሕግ ዓይን መሆን ይችላል፤ ዳኛና ቀጪ መሆን ግን አይችልም። ሊመለከት የሚገባውም የሰውን ድርጊት እንጂ መልኩን ወይም አለባበሱን አይደለም። ፖሊስም ወደ ሕዝብ የሚቀርበው ምሥጢር ለመልቀም ሳይሆን ችግርን ለመስማትና ለማስተማር መሆን አለበት። ሲሳሳት የሚጠየቅ ካልሆነ ማንም አያምነውም። የማይታመን ፖሊስ ደግሞ ምንም ቢታጠቅ ወንጀሉን የሚሰማው እንደ ተረቱ ውሻ ጅቡ ከሄደ በኋላ ነው።