ፈቃዱ ቢዘገይም ምክክሩ አይዘግይ

ከጉና ግርጌ በቃሬዛ ደብረ ታቦር ሆስፒታል የደረሰች፣ ከወሊድ በኋላ ደም የሚፈስሳት እናት የምርምር ቅጽ አንብባ የምትፈርምበት ፋታ የላትም። ትራኔክሳሚክ አሲድ የተባለው ደም አቋሚ መድኃኒት ኢትዮጵያን ጨምሮ በ21 አገሮች በ20,060 እናቶች ላይ ሲፈተሽ፣ ራሳቸውን ለማያውቁት ፈቃዱ ቆይቶ እንዲጠየቅ ሥርዓቱ ይፈቅድ ነበር። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመው ውጤት መድኃኒቱ በደም መፍሰስ የሚመጣን ሞት እንደሚቀንስ አሳየ። በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ በጠና በታመሙ ሕፃናት ላይ የተደረገው ጥናት ደግሞ፣ ይጠቅማል ተብሎ በደም ሥር በፍጥነት የሚሰጠው ፈሳሽ ሞትን እንደሚያበዛ አጋለጠ። ምርምሩን እንግዲህ አንቃወምም።

የምንቃወመው ከጥናቱ በፊት ለማኅበረሰቡ ምንም ሳይነገር የሚታለፍበትን ዝምታ ነው። አሜሪካ ያለ ቅድመ ፈቃድ የሚደረግ የድንገተኛ ሕክምና ጥናት ከመጀመሩ በፊት ማኅበረሰቡ እንዲመከርበት በ1996 እ.ኤ.አ. ደነገገች። እኛ ዘንድ ምክክር ሲባል አዳራሽ፣ አበልና የወረዳ ሹማምንት መሆኑ ያሰጋናል። ቃሬዛውን የሚሸከመው ግን ጎረቤቱና ዕድርተኛው ነው። ነፍሰ ጡሮች ለክትትል ጤና ጣቢያ ሲመጡ ስለ ጥናቱ ይነገራቸው፤ አልፈልግም ያለችም ካርዷ ላይ ይጻፍላት። የሥነ ምግባር ኮሚቴዎች እንዲህ ያለ ጥናት ከማጽደቃቸው በፊት የዕድር ዳኞች የተወያዩበትን ቃለ ጉባኤ ይጠይቁ።