ቅርጫት ሲመረጥ

በሚኒሶታ የሚኖር አንድ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ በቅርቡ አንድ ጥያቄ ጻፈልኝ። ጥያቄው ስለ ሥራ ወይም ስለ ትምህርት ሳይሆን ስለ ቅርጫት ነበር። ቅርጫት ሲባል የገበያ ዘንቢል እንዳይመስላችሁ፤ በአንድ የብረት ቋሚ ላይ ተተክሎ፣ ከበላዩ ሰንሰለት ተንዠርግጎበት፣ ዲስክ ጎልፍ በሚባለው ጨዋታ እንደ ግብ የሚያገለግለው የብረት ቅርጫት ነው። ጓደኛዬ በሚኖርበት ሠፈር መናፈሻ ውስጥ አዲስ የመጫወቻ ሜዳ ሊከፈት ስለ ሆነ፣ በበጎ ፈቃድ ከተሰበሰበው ኮሚቴ አንዱ አባል ሆኖአል። ኮሚቴውም በሁለት ተከፍሎ ይከራከራል። ግማሹ «በርካሹ ዐሥራ ስምንት ቅርጫት ገዝተን ሜዳውን ባንድ ጊዜ እንሙላው» ይላል፤ ግማሹ «ጥቂትም ቢሆን የሚበረክተውን እንግዛ» ባይ ነው። ጓደኛዬም «አንተ በየሳምንቱ ለሰው ምክር መስጠት ለምደሃል፤ እስቲ ለእኔም አንድ ጊዜ ስጠኝ» ሲል ቀለደብኝ።

ቀልዱን ቀልድ ብዬ ተቀብዬ ነገሩን ስመረምረው ግን እንዲሁ የሚታለፍ ሆኖ አላገኘሁትም። ነገ ጧት የተማሪ ወንበር፣ የውሃ ቧንቧ፣ የግቢ በር እንዲያስገዛ የሚታዘዝ ወጣት ሹም ሁሉ ይኸው የቅርጫት ክርክር ይደርስበታል። ስለዚህ ዛሬ በዚህ ዓምድ ላነሣው ወደድሁ።

ጨዋታው ለብዙው አንባቢ እንግዳ ሳይሆን አይቀርምና አስቀድሜ ባጭሩ ልግለጸው። እንደ ጎልፍ ሁሉ ተጫዋቹ ከመነሻው ተነሥቶ በተቻለው መጠን በጥቂት ሙከራ ግቡ ዘንድ መድረስ አለበት። ይሁን እንጂ በዱላ የሚመታ ኳስ የለም፤ በእጅ የሚወረወር ዝርግ የፕላስቲክ ዲስክ ነው። በመሬት የተቆፈረ ጉድጓድም የለም። ዲስኩ በርሮ ሰንሰለቱን ሲመታ ኃይሉ ይበርድና ቁልቁል ወደ ቅርጫቱ ይወድቃል።

ቅርጫቱ የመጣበት ምክንያት የሚያስቅ ነው። ኤድ ሔድሪክ የተባለው አሜሪካዊ ዋም-ኦ በሚባለው የመጫወቻ ዕቃ ፋብሪካ ሲሠራ ፍሪዝቢ የተባለውን በራሪ ሳሕን በማሻሻል የታወቀ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ አቅራቢያ በኦክ ግሮቭ መናፈሻ የመጀመሪያው ቋሚ የዲስክ ጎልፍ ሜዳ ሲከፈት ግቡ ባዶ ምሰሶ ነበር። ታዲያ ተጫዋቾቹ «ነክቶታል»፣ «የለም አልነካውም» እያሉ ይጨቃጨቁ ጀመር። ሔድሪክም ይህን ጭቅጭቅ ለመገላገል ሰንሰለትና ቅርጫት ያለውን ግብ ሠራ፤ በ1977 ዓ.ም.ም (እ.ኤ.አ.) የፈጠራ መብት ተሰጠው። ዛሬ በመላው ዓለም ከዐሥር ሺህ በላይ ሜዳዎች ሲኖሩ፣ ከካሊፎርኒያ እስከ ፊንላንድ ድረስ የቅርጫቱ መሠረተ ሐሳብ ያው የሔድሪክ ነው። እንግዲህ ቅርጫቱ ግብ ብቻ ሳይሆን ዳኛም መሆኑን ልብ ይሏል። ሰንሰለቱ ሲበጠስና ቅርጫቱ ሲጣመም ጥሩ ውርወራ በመካከል ሾልኮ ያልፋል፤ የድሮው ጭቅጭቅም ይመለሳል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ፤ ይኸውም ዝገት ነው።

ብረት እርጥበትና አየር ሲያገኘው እንደሚዝግ ለማወቅ ኬሚስት መሆን አያሻም። በአዲስ አበባ ከፍ ካለ ፎቅ ላይ ወጥቶ የሠፈሩን ጣራ ቁልቁል ያየ ሰው ትምህርቱን በነፃ ያገኛል። ባንድ ዓመት ከተመቱት ጣራዎች አንዱ ግራጫ መልኩን ይዞ ሲኖር፣ ጎረቤቱ ቡናማ ሆኖ፣ ተበሳስቶ፣ ድንጋይ ተጭኖበት ይታያል። በተገዙበት ዕለት ሁለቱም ያብለጨልጩ ነበር። ልዩነቱን ያመጣው ብዙ ጊዜ ሻጩ የማይናገረው፣ ገዢውም የማይጠይቀው ነገር ነው፤ ይህም በቆርቆሮው ላይ የተለበጠው የዚንክ ውፍረት ነው።

ዚንክ ብረትን የሚጠብቀው በመሸፈን ብቻ አይደለም። ሽፋኑ ተጭሮ ብረቱ ብቅ ቢል እንኳ፣ በአጠገቡ ያለው ዚንክ ቀድሞ ራሱን ለዝገት አሳልፎ ስለሚሰጥ ትንሹ ጭረት ወዲያው ቍስል አይሆንም። ቀለም ግን እንዲህ ያለ ቸርነት የለውም። ቀለም አንድ ቦታ ከተላጠ ውሃው ከሥሩ እየሰረገ ይሄዳል፤ ከላይ ሲያዩት ደኅና የመሰለው ብረት ከታች እየተበላ ይቆያል። ቀኑን ሙሉ በዲስክና በሰንሰለት ለሚደበደብ ቅርጫት ደግሞ የቀለም መላጥ የጊዜ ጉዳይ ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ «ዚንክ አለው» መባሉ ብቻውን አይበቃም። ብረትን በዚንክ የሚለብጡባቸው ሁለት የታወቁ መንገዶች አሉ። አንደኛው ብረቱን በአሲድ አጥቦ፣ 450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል በሚፈጅ የቀለጠ ዚንክ ውስጥ መንከር ነው። ሁለተኛው በኤሌክትሪክ ኃይል ስስ ሽፋን ማልበስ ነው። የሁለተኛው መልክ ይበልጥ ያምራል፤ ልዝብና አብረቅራቂ ነው። የተነከረው ግን ግራጫ፣ አንዳንዴም ሸካራ ነው። በዚህም የተነሣ ያላወቀ ገዢ ቆንጆውን መርጦ ሊሄድ ይችላል።

ቍጥሩን እንመልከት። አንድ ማይክሮን የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። አይሶ 1461 በተባለው ዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት ከ1.5 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት በቀለጠ ዚንክ ሲነከር፣ አማካዩ ሽፋን ቢያንስ 55 ማይክሮን መሆን አለበት፤ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ለሆነው ደግሞ 70 ማይክሮን፣ ማለትም የአንድ የራስ ጠጉር ውፍረት ያህል ነው። በኤሌክትሪክ የሚለበጠው ግን ብዙ ጊዜ 10 ማይክሮን ገደማ ነው። ዚንክ በየዓመቱ የሚበላው መጠን እንደ አየሩ ጠባይ ይለያያል፤ ከባሕር በራቀ ቦታ አንድ ማይክሮን ወይም ሁለት ቢጠፋ ነው፤ ጨዋማ ነፋስ በሚነፍስበት ዳርቻ ግን አራትና ከዚያም በላይ ይደርሳል። እንግዲህ በዓመት ሁለት ማይክሮን ብንቆጥር፣ ዐሥሩ ማይክሮን በ5 ዓመት ያልቃል፤ ሃምሳ አምስቱ ግን ከ27 ዓመት በላይ ያገለግላል። ይህ ሁሉ ልዩነት በዐይን የማይለይ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ለጓደኛዬ የጻፍሁለት፣ ከሁሉም ይልቅ የሚጠቅም የሚመስለኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ቅርጫቱ የተነከረው ከብየዳ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» የሚል። የብየዳ እሳት ዚንክን ያቃጥለዋል። አስቀድሞ በተለበጠ ሽቦ የተሠራ ቅርጫት በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ ራቁቱን ይቀራል፤ አንድ ቅርጫት ደግሞ የመጋጠሚያው ብዛት በደርዘን የሚቈጠር ነው። መጋጠሚያዎቹ በብርማ ቀለም ተቀብተው ሲመጡ ደኅና ይመስላሉ። የመጀመሪያው የዝገት እንባ የሚወርደው ግን ከእነርሱ ነው። ሁሉ ነገር ተበይዶ ካለቀ በኋላ በሙሉ የተነከረ ቅርጫት ይህ ችግር የለበትም። ምልክትም አለው፤ በቱቦው ጫፍና ጫፍ ቀዳዳ ይገኝበታል። በተደፈነ ቱቦ ውስጥ የቀረ እርጥበት በዚያ ሙቀት ሊፈነዳ ስለሚችል፣ ቀዳዳ ያልተበጀለትን ቱቦ የሚነክር ባለሙያ የለም። ቀዳዳው በመኖሩም ዚንኩ የቱቦውን ውስጥ ጭምር ይለብጠዋል።

ቀለም ፈጽሞ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ቅርጫቱ ከዛፎች መካከል ከሩቅ እንዲታይ በአናቱ ዙሪያ ቢጫ ወይም ቀይ መቀባቱ ደግ ነው፤ ነገር ግን በዚንኩ ላይ እንጂ በዚንኩ ፈንታ መሆን የለበትም።

ስለ ሰንሰለት ተጫዋቾች ብዙ ያወራሉ፤ ድምፁንም እንደ ሙዚቃ ይወዱታል ይባላል። ለሚገዛው ሰው ግን ዋናው ነገር ክብደቱና ማሰሪያው ነው። ቀላል ሰንሰለት ዲስኩን አያቆመውም፤ ቀለበት ከቀለበት ሲፋተግም ቶሎ ይሳሳል። ማሰሪያው ሜንጦ አፉ የተከፈተ ከሆነ ውሎ አድሮ ይዘረጋና ሰንሰለቱ ይወድቃል። በተረፈ አንዱ ሰንሰለት ሲያረጅ ቅርጫቱ ሁሉ ሳይጣል እርሱ ብቻ የሚለወጥ መሆኑን ማረጋገጥ ነው። ደግሞም መናፈሻ የሕዝብ ነው፤ ልጆች ይንጠለጠሉበታል፣ የደከመው ይቀመጥበታል። ስለዚህ ናሙናው ሲመረመር ከኮሚቴው አባሎች በክብደት የመጀመሪያ የሆነው ሰው ይደገፍበት ብዬ ጽፌያለሁ። ጓደኛዬ ያ ሰው እርሱ ራሱ መሆኑን ነግሮኛል።

ወደ መሬቱ ስንወርድ፣ ቋሚውን በቀጥታ በሲሚንቶ መቅበር የተለመደ ስሕተት ነው። ይሻላል የሚባለው ሰፋ ያለ አጭር ቱቦ በኮንክሪት ውስጥ ተክሎ ቋሚውን በእርሱ ውስጥ አስገብቶ በጓጉንቸር መቈለፍ ነው። ይህ ሲደረግ ቅርጫቱ ሲጐዳ ተነቅሎ ይጠገናል። ከዚያም በላይ በአንድ ቀዳዳ ፈንታ ሁለት ሦስት ቦታ ላይ ቱቦ ከተተከለ ቅርጫቱን በየወቅቱ ማዘዋወር ይቻላል። ሰው ሁሉ የሚረግጠው ቅርጫቱ ሥር ነውና፣ ሣሩ ጠፍቶ፣ ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ፣ የዛፍ ሥር አፍጥጦ እንዳይቀር መሬቱ ፋታ ያገኛል። የኮንክሪቱ አናት ውሃ እንዳይቋጥር ከአፈሩ ከፍ ብሎ ወደ ውጭ ያዘንብል። በሚኒሶታ ክረምቱ መሬቱን ከአንድ ሜትር በላይ ወደ ታች የሚያደርቅ በረዶ ስለ ሆነ፣ እርጥብ አፈር ሲረጋ እያበጠ ኮንክሪቱን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ስለዚህ ከሥሩ ውሃ የሚያሳልፍ ጠጠር ማንጠፍ ያስፈልጋል።

ገንዘቡንስ ምን እናድርገው? ይህ የርካሹ ወገን ጥያቄ ነው፤ ተገቢም ጥያቄ ነው። እንበልና አንዱ ዓይነት ቅርጫት 200፣ ሌላው 400 ዶላር ይሁን። ዐሥራ ስምንቱ በርካሹ 3,600፣ በውዱ 7,200 ዶላር ይሆናል። ዛሬ የሚታየው ይህ ብቻ ነው። ርካሹ በየአምስት ዓመቱ የሚለወጥ ከሆነ ግን በሃያ ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ይገዛል፤ ድምሩ 14,400 ነው። የማጓጓዣውንና የሠራተኛውን ድካም አልቆጠርሁም። ችግሩ አራተኛውን ግዢ የሚፈርመው ሰው የመጀመሪያውን ከፈረመው ጋር አንድ አለመሆኑ ነው። የመጀመሪያው «ገንዘብ አተረፈ» ተብሎ ተመስግኖ ተዛውሮአል።

እኔ በተማርሁበት ትምህርት ቤት የቅርጫት ኳስ ሜዳ ነበር። የመግቢያው ቀለበት ብርቱካንማ ቀለም የተቀባ ስስ ብረት ነበር፤ ሲመረቅ ተጨብጭቦለታል። በሦስተኛው ክረምት ከብየዳው ላይ ዘመመ፤ በአራተኛው ወደቀ። ሌላ አልመጣም። እኛ ግን ጨዋታውን አልተውንም፤ ቀለበቱ ባለበት እንዳለ አድርገን በሰሌዳው ላይ ባሰመርነው ከሰል እየገመትን እንወረውር ነበር። ከጨዋታው ይልቅ «ገብቶአል፣ አልገባም» የሚለው ክርክር ይረዝም ነበር። የኦክ ግሮቭን ምሰሶ ታሪክ ሳነብ ያ ከሰል ትዝ አለኝ።

በጨረታ ብዙ ጊዜ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ያሸንፋል፤ ይህን እንደ ክፉ ነገር የሚያነሡ አሉ። እኔ ግን ጥፋቱን በጨረታው ላይ አላኖርም። ዋጋ የሚወዳደረው በተጻፈው ዝርዝር ልክ ነው። «ጠንካራና ጥራት ያለው ቅርጫት» ብሎ የጻፈ ሹም ምንም እንዳልጻፈ ይቈጠራል፤ ሻጭ ሁሉ ዕቃዬ ጠንካራ ነው ይላልና። «ከብየዳ በኋላ በቀለጠ ዚንክ የተነከረ፣ ሽፋኑ ከ55 ማይክሮን የማያንስ፣ ሰንሰለቱ ለብቻው የሚለወጥ» ብሎ የጻፈ ግን ከዚያ ወዲያ ዝቅተኛውን ዋጋ ያለ ሥጋት ሊቀበል ይችላል። ሽፋኑን የምትለካ በኪስ የምትያዝ መሣሪያ ስላለች ርክክቡም በቃል ብቻ አይሆንም።

ለርካሹ ወገን አንድ ነገር እተውለታለሁ። ሜዳው ገና ሲነደፍ፣ ኮንክሪት ሳይፈስ በፊት፣ ተጣጣፊ ቀላል ቅርጫቶችን እዚህም እዚያም እያቆሙ መሞከር ብልኅነት ነው። ውርወራው ወደ መንገደኛ የሚሄድ ወይም ከወንዝ የሚገባ መሆኑ የሚታወቀው በሙከራ ነውና፤ የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል። ክፋቱ ለሙከራ የመጣው ዕቃ ለዘለቄታው እዚያው ሲቀር ነው።

ለጓደኛዬ የሰጠሁት ምክር እንግዲህ ይህ ነው፤ ገንዘባቸው ለዐሥራ ስምንት ጥሩ ቅርጫት ካልበቃ ዘጠኝ ጥሩ ይግዙ። ለእያንዳንዱ ቅርጫት ሁለት መነሻ፣ አንዱን ቀረብ ሌላውን ራቅ አድርገው ቢያበጁለት፣ ዘጠኙን ሁለት ጊዜ ዞሮ ዐሥራ ስምንት መጫወት ይቻላል። የቀሩት ዘጠኝ ቅርጫቶች ገንዘብ በተገኘ ጊዜ ይደርሳሉ።

ስብሰባቸው ረቡዕ ማታ ነው። ትናንት እንደ ጻፈልኝ የብየዳውን ጥያቄ ለሁለቱም ሻጮች ልኮላቸው ነበር። አንደኛው በዚያው ቀን «ከብየዳ በኋላ» ሲል ከነመለኪያ ወረቀቱ መልሶአል። ሁለተኛው የቀለሞቹን ዝርዝር ልኮለታል።