«የሚመለከተው አካል» ማነው?

እስቲ በየዶርሙ የተከማቹትን አሳይመንቶች አንዴ ገለጥ ገለጥ አድርጓቸው። መጀመሪያው ገጽ ላይ የቃላት ትርጉም፣ ቀጥሎ ጥቅምና ጉዳት፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ያው የለመድነው መደምደሚያ፦ «የሚመለከተው አካል ትኩረት ሊሰጠው ይገባል»። ጸሐፊው ራሱ ምን እንደሚል ግን ፈልጋችሁ አታገኙትም። የታዘዝነው አቋም ይዘን እንድንከራከር ነው፤ የምናስረክበው ወዲህም ወዲያም የማይል ወረቀት ነው።

«አቋም ከያዝክ ማርክ ትቀነሳለህ» የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። ከመምህር ሐሳብ ጋር መጋጨት እንደሚያስፈራ አልክድም። ነገር ግን አቋም መያዝ ማለት መሳደብ ወይም መፎከር አይደለም። «በፈተና ሰሞን ቤተ መጻሕፍቱ እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ይከፈት» ማለት አቋም ነው። ከዚያ ተረኛው ሠራተኛ ማን እንደሚሆን፣ የትርፍ ሰዓቱ ከየት እንደሚከፈል ማስረዳት ነው። ከባዱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። «ሴት ተማሪዎች በዚያ ጨለማ እንዴት ወደ ዶርም ይመለሳሉ?» የሚለውን ጥያቄ ሌላ ሰው ሳያነሳብን ራሳችን አንስተን መመለስ አለብን። መልስ ካጣንለት ደግሞ ሰዓቱን ወደ አራት ማውረድ ነው። ይህን ጥያቄ የሸሸ ወረቀት ሃያ ገጽ ቢሞላም ማንንም አያሳምንም።

ነገሩ የፈረንጅ ብቻ እንዳይመስለን። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በ1912 (እ.ኤ.አ.) በታተመው «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በተባለው ጽሑፋቸው፣ ልጅ ኢያሱ ሊያደርጓቸው ይገባል ያሏቸውን ማሻሻያዎች ዘርዝረዋል። ግብሩ በገንዘብ እንዲሰበሰብ፣ ትምህርት እንዲስፋፋ፣ ሕግ በጽሑፍ እንዲወጣ ጠይቀዋል። የተስማማውም ያልተስማማውም አንባቢ ምን እንደተባለና ለማን እንደተባለ አይጠፋውም። እሳቸው በዚያ ዘመን ለአገር ገዢ በስሙ ከጻፉ፣ እኛ ለዲኑ ቢሮ ለመጻፍ ምን ያስፈራናል?

በተለይ እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ልናስብበት ይገባል ባይ ነኝ። ነገ ርዕሰ አንቀጽ ጻፉ ስንባል «የሚመለከተው አካል» እያልን ልንኖር ነው? በሚቀጥለው ተርም ፔፐር ይህችን ሐረግ ሰርዘን የቢሮውን ስም እንጻፍባት። ስሙን ካላወቅነው ብድግ ብለን ሄደን እንጠይቅ፤ የሙያችን ሀ ሁ ከዚያ ይጀምራል።