በሰዓት 17 ሳንቲም? ሒሳቡ ተገልብጧል!



ሰሞኑን በውጭ አገር የሚኖሩ አንድ አባት በውስጥ መስመር እንዲህ ሲሉ ጻፉልን፦ «የ17 ዓመት ልጅ አለኝ። ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ለሚባል የኦንላይን ጌም በየወሩ 15 ዶላር ክፈልልኝ እያለ ይወተውተኛል። ገንዘቡ አልከበደኝም። ግን ያዋጣል? ልክፈልለት ወይስ ልከልክለው?»

ጥያቄውን ለምናውቃቸው ወጣቶች አቀረብንላቸው። መልሳቸው አንድ ዓይነት ነበር፦ «15 ዶላር ምን አላት? ሲኒማ ቤት ገብተህ ፊልም ብታይ በሁለት ሰዓት ያልቃል። ይሄን ግን በሳምንት 20 ሰዓት ትጫወተዋለህ። ሲካፈል በሰዓት 17 ሳንቲም ነው! ከዚህ የረከሰ መዝናኛ ከየት ይመጣል?»

ታላላቆቻችንን ስንጠይቅ ደግሞ፦ «የልጅ ዕቃ ዕቃ ነው። መከልከል ነው፣ ምን ያነጋግራል?» አሉን።

ሁለቱንም አንቀበልም! የታላላቆቹ መልስ ነገሩን ሳያይ ይፈርዳል። የወጣቶቹ መልስ ግን ከዚያ የባሰ ነው፤ ምክንያቱም ሒሳብ ስለሚመስል ሰውን ያሳምናል። እስቲ በእርጋታ እንየው።

▪️ መጀመሪያ፣ ነገሩ ምንድን ነው?

ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ብሊዛርድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2004 ያወጣው ጌም ነው። ተጫዋቹ የራሱን ገፀ ባህሪ ይፈጥራል፣ ስም ያወጣለታል፣ በሺዎች ከሚቆጠሩ ሰዎች ጋር በአንድ ሰፊ ዓለም ውስጥ ይዘዋወራል። ይዋጋል፣ ይነግዳል፣ ጊልድ የሚባል ማኅበር ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2010 ከፋዮቹ 12 ሚሊዮን ደርሰው ነበር። የአሜሪካ ወርሃዊ ዋጋው ከመነሻው ጀምሮ 14.99 ዶላር ነው።

እንግዲህ «የልጅ ዕቃ ዕቃ» የምትሉ ልብ በሉ! ያኔ በ20 ዓመቱ የጀመረ ሰው ዛሬ አርባውን አልፏል። ጥያቄው የልጆች ብቻ አይደለም።

▪️ ሁለተኛ፣ ሒሳቡ የት ላይ ተገለበጠ?

አንድ ዕቃ ስንገዛ የምንሰጠውና የምንቀበለው አለ። የወጣቶቹ ሒሳብ ሰዓቱን የሚቀበሉት ነገር አድርጎ ቆጥሮታል። ሰዓቱን ግን የሰጠው ማነው? ኩባንያው ነው? ኩባንያው ለማንም አንድ ሰዓት ጨምሮ አያውቅም። ሰዓቱ የተጫዋቹ ነው፤ ከፋዩም እሱ ነው!

ስለዚህ በትክክለኛው መንገድ እናስላው። በሳምንት 20 ሰዓት ማለት በዓመት 1,040 ሰዓት ነው። በቀን ስምንት ሰዓት ለሚሠራ ሰው ይህ 130 የሥራ ቀን ነው። የዓመቱ ክፍያ ደግሞ 180 ዶላር ገደማ ነው። እውነተኛው ዋጋ እንግዲህ 180 ዶላር «ሲደመር» 130 ቀን ነው። ብዙ በተጫወተ ቁጥር የሚረክስ ይመስለዋል፤ በእርግጥ ግን ብዙ በተጫወተ ቁጥር ብዙ እየከፈለ ነው።

«ስለዚህ መጫወት ኪሳራ ነው» እያልን አይደለም። ሰው ይዝናናል፣ ያርፋል፤ መዝናናት ዋጋ ቢያስከፍል ነውር የለበትም። የምንለው፣ ዋጋውን ዋጋ ብላችሁ ጥሩት ነው። ከዚያ በኋላ ያዋጣል ካላችሁ እንስማማለን።

▪️ ሦስተኛ፣ ሰዓቱን ማን ነው የሚያዝበት?

አንድ የቆየ ታሪክ እንንገራችሁ። ጌሙ ገና በሙከራ ላይ ሳለ፣ ለረጅም ሰዓት የተጫወተ ሰው የሚያገኘው ነጥብ በግማሽ እንዲቀንስ ተደርጎ ነበር። ተጫዋቾች ተቆጡ፤ «ለምን እንቀጣለን?» አሉ። አዘጋጆቹ ስሌቱን ትተው ስሙን ቀየሩት። ቅጣት የነበረው «መደበኛ» ተባለ። መደበኛ የነበረው ደግሞ «ላረፈ ሰው የሚሰጥ እጥፍ ጉርሻ» ሆነ። ነገሩ ያው ነው፤ ጩኸቱ ግን ቆመ።

ሱብሓነላህ! የወጣቶቻችን «17 ሳንቲም» ከዚህ በምን ይለያል? ዋጋው ስሙ ተቀይሮ ጉርሻ ሆኖ ቀረበላቸው።

በወር የሚከፈልበት ጌም አንድ ባህርይ አለው፦ ማለቅ የለበትም። መጽሐፍ ይገዛል፣ ይነበባል፣ ያልቃል። ይህ ግን ካለቀ ክፍያውም ያልቃል። ስለዚህ በየቀኑ የሚታደስ ሥራ አለው። በየሳምንቱ ሽልማቱ እንደገና ይከፈታል፤ በአሜሪካ ማክሰኞ፣ በአውሮፓ ረቡዕ። የዚህን ሳምንት ያልወሰደ አመለጠው። ሬይድ የሚባለው ትልቁ ውጊያ ደግሞ በከባዱ ደረጃ 20 ሰው በአንድ ጊዜ ይፈልጋል። 19 ሰው እየጠበቀህ መግሪብ ገባ ብሎ መነሳት፣ እናት ጠራች ብሎ መውጣት እንዴት እንደሚከብድ የሞከረው ያውቀዋል። ማቆሚያ ቁልፍ የለውምና።

ፍትሐዊ እንሁን፤ ሁሉም እኩል አይደሉም። የጃፓኑ ፋይናል ፋንታሲ 14 አዘጋጅ ናኦኪ ዮሺዳ ተጫዋቾች ሲሰለቹ ክፍያቸውን አቁመው ሌላ ጌም እንዲጫወቱ፣ አዲስ ነገር ሲወጣ እንዲመለሱ በይፋ የተናገረ ሰው ነው። ይህ የሚመሰገን ነው። ግን በዚያው ጌም ውስጥ ለፍቶ ቤት የገዛ ተጫዋች 45 ቀን ወደ ቤቱ ካልገባ ቤቱ ይፈርስበታል። ምክንያት አላቸው፤ ቦታው ውስን ነው፣ ተራ የሚጠብቅ አለ። ቢሆንም ቤት ያለው ሰው «ክፍያዬን ላቋርጥ» ሲል ምን እንደሚይዘው አያችሁ?

▪️ አራተኛ፣ 15 ዶላሩስ 15 ዶላር ብቻ ነው?

አይደለም። አዲስ ክፍል በወጣ ቁጥር ለብቻው ይገዛል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ክፍል መነሻ ዋጋው 50 ዶላር ነበር። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ገፀ ባህሪው የሚጋልበው አንድ እንስሳ ለሽያጭ ቀረበ። ስንት? 90 ዶላር! ለስድስት ወር ክፍያ የሚበቃ ገንዘብ ለአንድ መጋለቢያ።

«እኔ እኮ በነፃ ነው የምጫወተው፤ ወርሃዊውን በጌሙ ወርቅ ነው የምከፍለው» የሚልም አለ። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ቶከን የሚባል ነገር አለ። አንዱ ተጫዋች በ20 ዶላር ይገዛና ለሌላው በጌሙ ወርቅ ይሸጥለታል፤ የገዛውም አንድ ወር ይጫወትበታል። ኩባንያው በ15 ፈንታ 20 ዶላር አገኘ። «በነፃ» የተጫወተው ደግሞ ወርቁን ሲለቅም ሌሊቱን ከፈለ።

አገር ቤት ላለ ልጅ ሒሳቡ ይብሳል። ብሩ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተለቀቀ ወዲህ አንድ ዶላር ከ100 ብር በላይ ነው። 15 ዶላር ማለት ከ1,500 ብር በላይ ነው፤ ያውም በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ያለው ዘመድ ሲገኝ።

ይህ ሁሉ ተከፍሎ የተገኘው ነገርስ የማን ነው? እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2023 ብሊዛርድና የቻይና አጋሩ ኔትኢዝ ባለመስማማታቸው ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት በቻይና ተዘጋ። የተመለሰው ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ ነው። ሲቲ ኦፍ ሂሮስ የተባለው ጌም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 ሰርቨሩ ጠፋ፤ የተጫዋቾቹ የስምንት ዓመት ልፋትም አብሮ ጠፋ። የምንከፍለው ኪራይ ነው፤ ንብረት አይደለም።

▪️ አምስተኛ፣ የሚሞግተንን አንሸሽም

«እንግዲያስ ሁሉም ከንቱ ነው» ልንል ስንል አንድ ሰው ያስቆመናል። ማትስ ስቲን ይባላል፤ ኖርዌጂያዊ ነው። ጡንቻን ቀስ በቀስ በሚያዳክም ዱሼን በተባለ በሽታ ምክንያት ሕይወቱን በተሽከርካሪ ወንበር ላይ አሳለፈ። እ.ኤ.አ. በ2014 በ25 ዓመቱ ሞተ። ወላጆቹ ልጃችን ጓደኛ ሳይኖረው፣ ኮምፒውተር ላይ እንዳፈጠጠ አለፈ ብለው አዘኑ። ከዚያ ማረፉን ብሎጉ ላይ ጻፉ።

መልእክቱ ጎረፈ! በወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ውስጥ ኢበሊን በሚል ስም ያውቁት የነበሩ ሰዎች ከተለያዩ አገሮች ጻፉ። ያዳመጣቸው፣ የመከራቸው፣ ከቤተሰባቸው ጋር ያስታረቃቸው እሱ ነበር። ቀብሩ ላይም ከሌላ አገር ድረስ የመጡ ነበሩ። ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ2024 በዘጋቢ ፊልም ለዓለም ታይቷል።

ለማትስ ያዋጣ ነበር? አዎ፣ ያለ ጥርጥር! ግን ምኑ እንዳዋጣው ልብ በሉ። ቀብሩ ላይ የመጣው የሰበሰበው ወርቅ አይደለም፣ የደረሰበት ሌቭልም አይደለም። ሰዎቹ ናቸው። ጌሙ መንገድ ሆነው እንጂ መድረሻ አልሆነውም። ማትስን እየጠቀሰ ለብቻው ሌሊቱን ሙሉ ወርቅ የሚለቅም ልጅ፣ የማትስን ስም ይዞ የማትስን ነገር ትቷል።

በሌላው ጫፍ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት የጌም ሱስን በበሽታዎች ዝርዝሩ ውስጥ አካቷል፤ ዝርዝሩም እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። ምልክቶቹ ጨዋታውን መቆጣጠር አለመቻል፣ ከሌላው ሁሉ ማስቀደም፣ እየጎዳ እያዩ መቀጠል ናቸው። የሚጠቁት ጥቂቶች እንደሆኑ ድርጅቱ ራሱ ይናገራል። ስለዚህ ጌም የያዘን ልጅ ሁሉ «ሱሰኛ» እያላችሁ አታሸማቅቁ።

እኛስ? ከዚህ ገጽ አዘጋጆች አንዱ፣ የጌሙን ስም እንለፈውና፣ ስምንት ወር ሙሉ ሳይከፍተው ከካርዱ ሲቆረጥ ኖሯል። «ለምን አላቋረጥክም?» አልነው። «ካቋረጥኩ ያ ሁሉ ድካሜ ከንቱ የሚቀር መሰለኝ» አለን። ወላሂ፣ ለመጫወት ሳይሆን መሸነፉን ላለማመን ይከፍል ነበር።

▪️ እንግዲህ ለአባትዬው የምንለው

ወንድማችን! ለልጅዎ ወር ይግዙለት እንጂ ሰብስክሪፕሽን አይግዙለት።

1ኛ. ከገንዘብ በፊት ነፃውን ይሞክር። ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት እስከ 20ኛው ሌቭል፣ ፋይናል ፋንታሲ 14 እስከ 70ኛው ሌቭል ያለ ክፍያ ያስጫውታሉ። ብዙ ልጅ እዚያው ይሰለቸዋል።

2ኛ. ከከፈሉ፣ በከፈሉበት ዕለት ራሱን በራሱ የሚያድሰውን ክፍያ ያቋርጡት። የተከፈለበት ወር አይቀርበትም። በሚቀጥለው ወር ግን «እንቀጥል ወይ?» የሚለውን ተቀምጣችሁ ትወስናላችሁ። ካርዱ አይወስንላችሁም።

3ኛ. «ስንት ሰዓት ተጫወትክ?» ከማለትዎ በፊት «ከማን ጋር ነው የምትጫወተው?» ይበሉት። የሰው ስም ከጠራ መልካም። ዕቃና ነጥብ ብቻ ከቆጠረ ይጠንቀቁ።

4ኛ. የሬይዱን ምሽት አብራችሁ ምረጡ፤ ሶላትን፣ ትምህርትንና እንቅልፍን የማይነካ ይሁን። ከተስማማችሁ በኋላ ግን በመሀል ጠርተው አያስነሱት። 19 ሰው እየጠበቀው ነው፤ ቃልን ማክበር ከእርስዎ ይማር።

5ኛ. ከወሩ ውስጥ አንድ ሳምንት ይተወው። ሲመለስ «ጓደኞቼ ናፈቁኝ» ካለ ያዋጣል። «ያመለጠኝ ሽልማት» እያለ ከተቆጨ አያዋጣም፤ አይቀጥል።

17 ሳንቲም የምትሉ ወንድሞቻችንን ደግሞ አንድ ነገር እንጠይቃለን፦ ያንን 130 ቀን ማንም መጥቶ በሰዓት 17 ሳንቲም ልግዛችሁ ቢላችሁ ትሸጡለታላችሁ? ካልሸጣችሁለት፣ ሰዓታችሁ ርካሽ አይደለም ማለት ነው። እንግዲያውስ ስታወጡት እንደ ውድ ነገር አውጡት!

አላህ በጊዜያችን በረካ ያድርግልን። ያነበባችሁ ለሌላውም አድርሱ፤ በተለይ ካርዱ በየወሩ ለሚቆረጥበት ወንድም!