የክፍላችሁን በር ለባልደረባችሁ ክፈቱ

መምህራን ሆይ፣ ይህ ጥሪ በቀጥታ ለእናንተ ነው። የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ከመድረሱ በፊት እያንዳንዳችሁ አንድ ክፍለ ጊዜ ምረጡና ጎረቤት ክፍል የምታስተምረውን ባልደረባችሁን «ገብተሽ ተመልከችኝ» በሏት። በተራችሁ እናንተም የእሷን ክፍል ገብታችሁ ተመልከቱ። ከዚያ አንድ ሰዓት ያህል ተቀምጣችሁ ስላያችሁት ተነጋገሩ። በጀት አይፈልግም፣ አዳራሽ አይፈልግም፣ የአበል ፊርማም የለበትም።

ሥርዓቱ እንደሆነ ድሮም አለ። በየትምህርት ቤቱ «ተሙማ» የምንለው የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ መርሐ ግብር አንድ መምህር በዓመት 60 ሰዓት ሙያውን ለማሻሻል እንዲያውል ይጠይቃል። የትምህርት ዓመቱን 40 ሳምንት ብንለው በሳምንት አንድ ሰዓት ተኩል ይደርሳል። ለአዲስ ተቀጣሪ አማካሪ መምህር ይመደባል፤ ጎረቤታም ትምህርት ቤቶች በጉድኝት ተሰባስበው የጋራ ማዕከል አላቸው። ሆኖም በብዙ ቦታ ሰዓቱ የሚያልቀው ወረቀት ላይ ነው። ዕቅዱ ከአምናው ይገለበጣል፣ ፖርትፎሊዮው ይወፍራል፣ ሱፐርቫይዘሩ ሲመጣ ይቀርባል፣ ከዚያ ተመልሶ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ክፍል ውስጥ የሚሆነው እንደነበረው ይቀጥላል።

መምህር ከመምህር የሚማረው ነገር ምን እንደሚመስል በምሳሌ ላሳይ። ክፍልፋይ ያስተማረ ሁሉ ይህን ያውቀዋል፦ ግማሽ ሲደመር ሢሶ ስንት ነው ሲባል ብዙ ልጆች «ሁለት አምስተኛ» ይላሉ። ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምረው ነው። አብዛኞቻችን ወዲያው ደንቡን እንደግማለን፤ «ታህቱን አመሳስሉ» እንላለን። ልጁ ይገለብጣል፤ በሳምንቱ ያንኑ ስሕተት ይዞ ይመጣል። ክፍልፋይን ዓመታት ያስተማረች መምህርት ግን ደንቡን ከማንሳቷ በፊት አንድ ጥያቄ ትጠይቃለች፦ «ሁለት አምስተኛ ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» ልጆቹ እኩል ርዝመት ያላቸው ቁራጭ ወረቀቶች አጥፈው ያስተያያሉ። ያንሳል። «ግማሽ ነበረን፤ ሢሶ ጨመርንበት፤ ታዲያ እንዴት ቀነሰ?» ክፍሉ በክርክር ይሞላል። ቀጥሎ ወረቀቱ ለስድስት ይታጠፋል፤ ግማሹ ሦስት ስድስተኛ፣ ሢሶው ሁለት ስድስተኛ ሆኖ ይገኛል። አምስት ስድስተኛን ልጆቹ ራሳቸው ይደርሱበታል፤ ታህት ማመሳሰል ለምን እንዳስፈለገም ገብቷቸዋል።

ጥያቄዋን በሥልጠና ሰነድ ላይ መጻፍ ይቻላል። ከጥያቄው በኋላ ምን ያህል እንደምትጠብቅ፣ እጁን ቀድሞ የሚያወጣውን ፈጣን ልጅ ሳታስከፋው እንዴት እንደምታቆየው፣ 60 ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ወረቀቱን በምን ዘዴ እንደምታዳርስ ግን ሰነድ አያሳይም። እዚያው ተቀምጦ ማየት ያስፈልጋል። አንደኛ ክፍልም ቢሆን ከሀ እስከ ፐ በዜማ የሚወርዱ፣ «መ»ን ብቻዋን ሲያዩ ግን የሚጠፋቸው ልጆች አሉን። ፊደሉን ከተራው አውጥታ፣ አደበላልቃ፣ በስማቸው ውስጥ እንዲፈልጉት እያደረገች የምታስተምር መምህርት ምናልባት ከግድግዳችሁ ማዶ አለች።

የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ካስፈተንናቸው ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ ናቸው። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉንም በመምህሩ ጫንቃ ላይ መጫን ግፍ ነው። ሆኖም የብዙዎቹ ልጆች ክፍተት የተከፈተው ገና ክፍልፋይ ሲማሩ፣ ገና ማንበብ ሲጀምሩ ነው ብዬ አምናለሁ። እዚያ ደግሞ እጃችን ይደርሳል።

መምህሩ በሩን የሚዘጋበት ምክንያት አለው። እስካሁን ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ከኋላ የሚቀመጥ ሰው በአብዛኛው ነጥብ ሊሰጥ የመጣ ነው። ነጥቡ የሥራ አፈጻጸም ምዘና ውስጥ ይገባል፤ ምዘናው ከጀማሪ መምህር እስከ መሪ መምህርና ከዚያ በላይ ያለውን የደረጃ እድገት ይነካል። ስለዚህ ይህ ጉብኝት ከምዘና ጋር ምንም ንክኪ አይኑረው። ጎብኚው ከልጆቹ ጎን ይቀመጥ፤ ዓይኑም መምህሩ ላይ ሳይሆን ደብተራቸው ላይ ይዋል። ሁለት ሦስት ልጆች መርጦ ምን እንደጻፉ፣ የት ላይ እንደቆሙ ይመዝግብ። በውይይቱ ያስተማረው ሰው ቀድሞ ይናገር። ማስታወሻው ለእሱ ይሰጥ፤ ወደ ርእሰ መምህሩ ቢሮ አይሂድ። ሱፐርቫይዘሮች፣ ይህን ወረቀት አትጠይቁ።

ጃፓኖች ይህን ልማድ ከመቶ ዓመት በላይ ይዘውታል። ጥቂት መምህራን አንድ ትምህርት አብረው ያቅዳሉ፣ አንዱ ያስተምራል፣ ሌሎቹ ተማሪዎቹን ይመለከታሉ፣ ከዚያ ዕቅዱን አብረው ያርማሉ። በጃፓኑ የልማት ድርጅት በጃይካ ድጋፍ ለሒሳብና ሳይንስ መምህራን የተሰጠውን ሥልጠና የወሰዳችሁ ማቀድ፣ መተግበር፣ መመልከትና ማሻሻል የሚለውን ዑደት ታስታውሱታላችሁ። ለባልደረቦቻችሁ አሳዩት።

ርእሰ መምህራን፣ ድርሻችሁ የክፍለ ጊዜ ድልድሉ ነው። አንድ ዓይነት ትምህርት የሚያስተምሩ መምህራን በሳምንት አንድ የጋራ ባዶ ክፍለ ጊዜ ይኑራቸው። ትምህርት ቤቱ በፈረቃ የሚሠራ ከሆነ የፈረቃ መለዋወጫውን ሰዓት ተጠቀሙበት። አንድ የፊዚክስ መምህር ብቻ ያለባቸው ትናንሽ ትምህርት ቤቶች በወር አንድ ጊዜ በጉድኝት ማዕከሉ ይገናኙ። የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረትም መምህራኑ ለውይይት ሲቀመጡ «ሥራ ፈቱ» የሚል ሐሜት እንዳይነሳ ለወላጆች ያስረዳ።

ሥልጠና የምታዘጋጁ ቢሮዎች፣ የመምህራን ትምህርት ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች፣ ከሦስት ቀን ሥልጠና አንዱን ቀን ለሠልጣኞቹ ልቀቁላቸው። በስላይድ ስለ አሳታፊ ዘዴ ለስድስት ሰዓት ንግግር ማድረግ ራሱን የሚቃረን ነገር ነው። መምህራኑ አንድ ትምህርት ይዘው መጥተው፣ በአቅራቢያ ባለ ትምህርት ቤት እውነተኛ ተማሪዎች ፊት ያስተምሩት፤ ሌሎቹ ይዩ።

ደመወዙ ወሩን እንደማያዳርስ፣ ብዙዎቻችሁ ከክፍል ወጥታችሁ ወደ ሌላ ሥራ እንደምትሮጡ አውቃለሁ። ይህ ጥሪ የደመወዝ ጥያቄውን አይተካም፤ ጥያቄው መቀጠል አለበት። የምጠይቃችሁም ትርፍ ሰዓታችሁን ሳይሆን ዛሬም በፖርትፎሊዮ እየባከነ ካለው 60 ሰዓት ጥቂቱን ነው።

ጀማሪ መምህር ቀድሞ በሩን ይክፈት ማለት አይገባም። መሪ መምህራንና የምታስተምሩ ርእሰ መምህራን፣ እናንተ ቅደሙ። በመጪው ሰኞ በመምህራን ማረፊያ ሰሌዳ ላይ ስማችሁን፣ ክፍሉን፣ ክፍለ ጊዜውንና ርእሱን ጻፉ፤ ከምትኮሩበት ይልቅ ተማሪዎቻችሁ የሚከብዳቸውን ርእስ ምረጡ። ከሥሩ ለሁለት ጎብኚዎች ስም ቦታ ተዉ።