ከሃዲዱ ያፈነገጠው ጅረት የማን ነው?

በመሬት ውስጥ የተቀበረ የብረት ቧንቧ ሲበሳ፣ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ በእርጅና ወይም በአፈሩ ጠባይ ይሳበባል። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። ይሁን እንጂ በቀጥተኛ ጅረት የሚሠራ ባቡር በሚያልፍበት ከተማ ሦስተኛ ምክንያት አለ፤ እርሱም ከሃዲዱ አፈንግጦ በአፈር ውስጥ የሚጓዝ የኤሌክትሪክ ጅረት ነው። ይህ ምክንያት ሳይለካ መታለፍ የለበትም።

በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር 34 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም መስመር ያለው ሲሆን የሚንቀሳቀሰውም በ750 ቮልት ቀጥተኛ ጅረት ነው። ባቡሩ ኃይሉን የሚወስደው ከላይ ከተዘረጋው ሽቦ ነው፤ ጅረቱ ወደ ኃይል ማቅረቢያ ጣቢያው የሚመለሰው ግን በሃዲዱ በኩል ነው። ሃዲድን ከመሬት ፈጽሞ መነጠል ስለማይቻል የጅረቱ ጥቂት ክፍል ወደ አፈሩ ይሰርጋል፤ በአቅራቢያው የብረት ቧንቧ ካገኘም በእርሱ ውስጥ ከአፈሩ ይልቅ በቀላሉ ይጓዛል። ወደ ቧንቧው በሚገባበት ሥፍራ ጉዳት አያደርስም፤ እንዲያውም ብረቱን ከዝገት ይጠብቃል። የሚጎዳው ቧንቧውን ትቶ በሚወጣበት ሥፍራ፣ ይኸውም በአብዛኛው በኃይል ጣቢያው አካባቢ ነው። በፋራዳይ ሕግ ሲሰላ፣ ከብረት ዓመቱን ሙሉ የሚወጣ አንድ አምፔር ጅረት 9 ኪሎ ግራም ያህል ብረት ያሟሟል። ይህ መጠን በረጅም ቧንቧ ላይ ተሠራጭቶ ቢሆን ኖሮ ብዙም ባላሳሰበ ነበር። የቧንቧው ልባስ በተላጠበት ጠባብ ሥፍራ ሲያተኩር ግን ግድግዳውን በአጭር ጊዜ ይበሳዋል። ስለዚህ ልባስ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ እንከን ያለበት ልባስ ጉዳቱን ወደ አንድ ነጥብ ይሰበስባል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ፍራንክ ስፕራግ በ1888 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሪችመንድ ከተማ የኤሌክትሪክ ትራም ካስጀመረ በኋላ፣ ጥቂት ዓመታት ሳይቆዩ በልዩ ልዩ ከተሞች የውኃና የጋዝ ቧንቧዎች፣ የስልክ ኬብሎች የእርሳስ ሽፋንም ጭምር ተበልተው ተገኙ። የዚያን ዘመን መሐንዲሶች ችግሩን በአጭሩ «ኤሌክትሮሊሲስ» ይሉት ነበር። የትራሙ ባለቤት አንድ፣ የቧንቧው ባለቤት ሌላ በመሆኑ ክርክሩ እስከ ፍርድ ቤት ዘለቀ።

የዚያ ዘመን ቀላል መፍትሔ ዛሬም ያጓጓል፦ ቧንቧውን በኬብል ከኃይል ጣቢያው አሉታዊ ጫፍ ጋር ማገናኘት። ጅረቱ በአፈር በኩል መውጣቱን ትቶ በኬብሉ ይመለሳል፤ ቧንቧውም ይድናል። ይሁን እንጂ መመለሻው ስለተመቻቸለት ከሃዲዱ የሚያፈነግጠው ጠቅላላ ጅረት ይጨምራል። በቧንቧው መጋጠሚያ ላይ የጎማ ማሸጊያ ካለ ደግሞ ጅረቱ መጋጠሚያውን በአፈር በኩል ይሻገርና አንዱን ጫፍ ይበላል። ያልተገናኘው የጎረቤት ኬብል ወይም ታንከርም አዲስ ተጎጂ ሊሆን ይችላል። የአንዱ ተቋም ጥገና የሌላውን ንብረት የሚያበላሽ በመሆኑ፣ የባቡር፣ የውኃ፣ የቴሌኮምና የመብራት ተቋማት ጉዳዩን በየበኩላቸው ሊፈቱት አይችሉም።

ሃዲዱ ሲዘረጋ ከመሬት ተነጥሎ ስለተሠራ ሥጋቱ የተጋነነ ነው የሚል ይኖራል። በእርግጥ ጥሩ ንድፍ ብዙ ይከላከላል። የአውሮፓው ደረጃ ኢኤን 50122-2 ከአንድ ነጠላ መስመር የሚያፈነግጠው አማካይ ጅረት በሜትር ከ2.5 ሚሊ አምፔር ካልበለጠ ለ25 ዓመታት ጉዳት እንዳልታየ በመግለጽ ይህንን መጠን መነሻ ያደርጋል። ነገር ግን መነጠያ ዘላለማዊ አይደለም። አቧራ፣ ጭቃና የተዘጋ የውኃ መውረጃ በጊዜ ብዛት ያዳክሙታል። በክረምት የራሰ ዋልካ አፈር ደግሞ ከበጋው ይልቅ ጅረትን በቀላሉ ያሳልፋል። ሥጋቱ በቧንቧ ብቻ የሚወሰንም አይደለም፤ ሁለቱ መስመሮች ከስታዲየም እስከ ልደታ በጋራ በሚጠቀሙበት ድልድይ ኮንክሪት ውስጥ ያለው ብረትም ሊታሰብበት ይገባል። (25 ኪሎ ቮልት ተለዋዋጭ ጅረት የሚጠቀመው የኢትዮ ጅቡቲ ባቡር ጥያቄው ሌላ ስለሆነ ከዚህኛው ጋር መቀላቀል አይገባውም።)

ለድኅረ ምረቃ ተመራማሪ ይህ መስክ ያልተለመደ ዕድል ይሰጣል። ባቡሩ ሌሊት ስለሚቆም ከተማው ራሱ የማነጻጸሪያ ሙከራ ያዘጋጃል። በቧንቧውና በአፈሩ መካከል ያለው የቮልቴጅ ልዩነት በመዳብና መዳብ ሰልፌት ማነጻጸሪያ ኤሌክትሮድ ለ24 ሰዓት ሳይቋረጥ ቢመዘገብ፣ የሌሊቱ ንባብ የአፈሩን ጠባይ፣ ቀን ባቡር ባለፈ ቁጥር የሚታየው መዋዠቅ ደግሞ የአፈንጋጩን ጅረት ድርሻ ያሳያል። መሣሪያው ውድ አይደለም፤ የሚቸግረው የቧንቧ ካርታና ቧንቧውን ለመንካት የሚያስችል ፈቃድ ማግኘት ነው። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲዎች ከአንድ ተማሪ የማሟያ ጽሑፍ ጋር ተጀምሮ የሚያልቅ ሳይሆን፣ ከተቋማቱ ጋር የሚፈራረሙት ቋሚ የመለኪያ ስምምነት ሊኖራቸው ይገባል። ልኬቱ ከኃይል ጣቢያዎቹ አካባቢ ይጀመር፤ በበጋና በክረምት ይደጋገም፤ ውጤቱም ቧንቧ ለሚቀብርም ሃዲድ ለሚጠግንም እኩል ይድረስ።