ሐውልቱን አይተናል፤ ሳንቲሙንስ አንብበነዋል?

የአክሱም ስም በተነሣ ቁጥር ከአንደበታችን የማይጠፋ አንድ ምስክር አለን፤ እርሱም በሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በፋርስ ግዛት የኖረው ማኒ ነው። ደቀ መዛሙርቱ ትምህርቱን ባሰባሰቡበት መጽሐፍ ውስጥ፣ የዓለም ታላላቅ መንግሥታት አራት መሆናቸውንና አክሱምም ከአራቱ አንዱ መሆኑን ተናግሯል። ይህ ምስክርነት በበዓል ንግግሮች ይደገማል፤ በየጽሑፉ ይጠቀሳል፤ በውጭ አገር የሚኖረው ወገናችንም ለልጆቹ ስለ አገሩ ሲያወጋ ቀድሞ የሚያነሣው እርሱን ነው። ልንኮራበት ይገባናል። የሚያሳስበኝ ግን ጥያቄያችን እዚያው ላይ መቆሙ ነው። ለመሆኑ አንድ መንግሥት ታላቅ ነበር ሲባል ለማን ነው ታላቅ የነበረው? ዝናውን በሩቅ ለሚሰማው ባዕድ ወይስ ከሥሩ ለሚኖረው ሰው?

በዚህ ጥያቄ ፈንታ የያዝነው ሌላ ክርክር ነው። አንዱ ወገን አክሱምን የመላው አገር የልደት ምስክር ወረቀት አድርጎ ያቀርበዋል። ሁለተኛው «የእኛ አያቶች ሥራ እንጂ የእናንተ አይደለም» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «ለእኛ ምናችን ነው?» ብሎ ፊቱን ያዞራል። ሦስቱ የተጣሉ ይምሰሉ እንጂ በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ሁሉም አክሱምን የሚያዩት እንደ ርስት ነው። ርስት ደግሞ ይወረሳል፣ ይታጠራል፣ ዳኛ ፊት ይሟገቱበታል እንጂ ምን እንደ ሠራና ምን እንዳጠፋ አይመረመርም።

ክርክሩ ከታሪኩ ጋርም አይገጥምም። ንጉሥ ኢዛና በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባስቀረጻቸው ጽሑፎች ራሱን የአክሱም፣ የሒምያር፣ የሬይዳን፣ የሳባ፣ የሳልሔን፣ የጽያሞ፣ የቤጋና የካሱ ንጉሥ እያለ ይጠራል። ከእነዚህ ስሞች አራቱ ከቀይ ባሕር ማዶ፣ ከዛሬዋ የመን የመጡ ናቸው። ካሱ የዓባይ ሸለቆው ኩሽ ነው። የመንግሥቱ መተንፈሻ የነበረው የአዱሊስ ወደብ ፍርስራሽ ዛሬ በኤርትራ ምድር ይገኛል፤ በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን አንድ የግሪክ ቋንቋ ጸሐፊ ለባሕር ነጋዴዎች ያዘጋጀው መመሪያ ከዚያ ወደብ እስከ አክሱም የስምንት ቀን መንገድ እንደ ነበረ ይነግረናል። የኢዛና ድንጋዮችም አንዱን ጉዳይ በግሪክ፣ በግዕዝና በሳባ ፊደላት ጽፈው አቁመዋል። እንግዲህ እንዲህ ያለውን መንግሥት በዛሬ ክልሎችና ድንበሮች ልክ ሰፍተን እናልብስህ ብንለው ልብሱ አይበቃውም።

ይህን ስል ግን አክሱም የመቻቻል ገነት ነበር ማለቴ አይደለም። ኢዛና በኖባ ሰዎች ላይ ያካሄደውን ዘመቻ የሚተርከውን የግዕዝ ጽሑፍ ያነበበ ሰው እንዲህ ያለ ቅዠት ሊኖረው አይችልም። ንጉሡ መጀመሪያ ምክንያቱን ይዘረዝራል፤ መሐላ አፍርሰዋል፣ ጎረቤቶቻቸውን አጥቅተዋል፣ መልእክተኞቼን በድለዋል ይላል። ከዚያም ከተሞችን እንዳቃጠለ፣ የእህልና የጥጥ ጎተራዎችን እንዳጠፋ ያወሳል። በመጨረሻም እንደ ሒሳብ ሹም ይቆጥራል፤ የተማረኩት 629፣ የተገደሉት 758። ከተገደሉትም ውስጥ ሴቶችና ሕፃናት እንደሚገኙ ሳይደብቅ ይጽፋል። ይህን ቁጥር በበዓል ንግግሮቻችን ውስጥ ሰምቼው አላውቅም።

የሚገርመው ግን በዚያው ድንጋይ መጨረሻ ላይ ያለው ቃል ነው። ንጉሡ ሕዝቡን በጽድቅና በቅን ፍርድ እንደሚገዛ፣ ግፍም እንደማይፈጽምባቸው ቃል ይገባል። የተገደሉትን የቆጠረውና ግፍ አልፈጽምም ያለው አንድ እጅ፣ አንድ ድንጋይ ነው። አወዳሹ የመጨረሻውን መስመር ብቻ ያነባል፤ አውጋዡም ቁጥሩን ብቻ። ሁለቱን አንድ ላይ አንብቦ «ታዲያ ቃሉ ተፈጸመ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የዜግነት ጥያቄ ደግሞ ይህኛው ነው።

ይህ ጥያቄ ከእኛ ዘመን ተበድሮ የተጫነባቸው አይደለም። በሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ ገደማ ንጉሥ ኢንዱቢስ የወርቅና የብር ሳንቲም ማውጣት ጀመረ፤ ተከታዮቹም ነሐሱን ጨመሩበት። በዚያ ዘመን በራሳቸው ስም የወርቅ ሳንቲም የሚያወጡ መንግሥታት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ወርቁ በአብዛኛው የውጭ ነጋዴ የሚያየው፣ የንጉሡን ስምና መልክ የተሸከመ ነበር። ከኢዛና ዘመን ወዲህ ከወጡት የነሐስ ሳንቲሞች መካከል ግን የንጉሡ ስም የሌለባቸው ብዙዎች ተገኝተዋል። በአንዱ ፊት «ንጉሥ» ብቻ ይላል፤ በሌላው ፊት በመስቀል ዙሪያ በግሪክ ቋንቋ አንድ አጭር ምኞት ተጽፏል። ትርጉሙም «ይህ አገርን ደስ ያሰኝ» የሚል ነው። በኋላ ዘመን ሳንቲሞች ላይም ለሕዝብ ደስታንና ሰላምን የሚመኙ የግዕዝ ቃላት ይገኛሉ።

«ይህ የቤተ መንግሥት ፕሮፓጋንዳ ነው፤ ሳንቲሙን በእጁ የያዘው ገበሬ ግሪክኛ ያነብ ነበርን?» የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። ልክ ነው፤ አብዛኛው ሰው አያነብም ነበር። ፕሮፓጋንዳም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ፕሮፓጋንዳ እንኳ ስለ ተናጋሪው አንድ ነገር ያጋልጣል። የንጉሡ ስም ቀርቶ የአገር ስሜት በተጻፈበት ሳንቲም ላይ ገዢው ሳያስበውም ቢሆን አንድ ነገር አምኗል፤ የሥራው መለኪያ የእርሱ ደስታ ሳይሆን የአገሩ ደስታ መሆኑን። ለገዢ ሲሆን ጌጥ የሆነው ቃል ለተገዢ ሲሆን ማስረጃ ይሆናል።

ሳንቲም ደግሞ ከሐውልት የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው፤ ይመዘናል። የአክሱም የወርቅ ሳንቲሞች መጀመሪያ ላይ ንጹሕ ወርቅ ለመሆን ጥቂት የቀራቸው ነበሩ፤ ከዘመን ወደ ዘመን ግን ወርቁ እየቀነሰ ሌላው ማዕድን እየበዛ ሄደ። በ525 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ገደማ ንጉሥ ካሌብ ባሕር ተሻግሮ ሒምያርን ድል ነሣ፤ ብዙም ሳይቆይ አብርሃ የተባለው የጦር አለቃ ሥልጣኑን ነጥቆ የመንን ለራሱ ገዛ፤ ካሌብ የላከበትም ጦር ሊመልሰው አልቻለም። በሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመንም ሳንቲም ማውጣቱ ጭራሹን ቆመ። የባሕር ንግዱ መዘዋወር፣ የመሬቱ መራቆት፣ የጦርነቱ ወጪ እያሉ ሊቃውንቱ ምክንያቶችን ይደረድራሉ፤ የአንዱ ድርሻ ብቻ ነው ብሎ መደምደም ግን አይቻልም። ለእኛ የሚበቃን ትምህርት ይህ ነው፤ በፊቱ ላይ የተጻፈው ቃል ባለበት ቢቆይም በውስጡ ያለው ማዕድን ሲቀንስ አገር ያውቀዋል።

እኛስ? እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እርምጃው ይደር ወይስ አይደር ባለሙያዎች ይከራከሩበት። ደመወዙ ባለበት ቆሞ ዘይትና ጤፍ የሚገዛው መምህር ግን ማን ጠየቀው? «ይህ አገርን ደስ ያሰኝ» የሚለው ቃል ከአሥራ ስድስት መቶ ዓመታት በኋላ እንኳ ለመመለስ የሚከብድ ጥያቄ ሆኖ ቆሟል።

ስለ ድንጋዩማ ብዙ ደክመናል። በ1937 (እ.ኤ.አ.) በፋሺስት ኢጣልያ ወደ ሮም የተወሰደው ሐውልት በ2005 ተመለሰ፣ በ2008ም ዳግም ቆመ፤ ደስታችንም እውነተኛ ነበር። ነገር ግን በኖቬምበር 2020 በዚያችው ከተማ ሲቪሎች ተገደሉ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በ2021 ባወጣው መግለጫ በኤርትራ ወታደሮች የተገደሉት የከተማይቱ ነዋሪዎች ከመቶ እንደሚበልጡ አስታውቋል። ለሐውልቱ መመለስ በአንድ ድምፅ የዘመርን ሰዎች ለእነዚያ ሙታን በአንድ ድምፅ ማልቀስ አቃተን፤ ገሚሳችን ዝም አልን፣ ገሚሳችንም ካድን። ኢዛና እንኳ የገደላቸውን ቆጥሮ በድንጋይ ላይ ጽፏል። እኛ መቁጠሩንም ፈራን።

ከአክሱም ሐውልቶች ሁሉ ትልቁ፣ 33 ሜትር ርዝመትና 520 ቶን ያህል ክብደት ያለው፣ ዛሬም ተሰባብሮ መሬት ላይ ተጋድሟል። ብዙ ተመራማሪዎች ገና ሲያቆሙት እንደ ወደቀ ይገምታሉ። ያቺ ትንሽ የነሐስ ሳንቲም ግን ከነቃሏ ከእኛ ደርሳለች። ልጆቻችንን ስለ አክሱም ስናስተምር ከአራቱ ታላላቆች አንዱ ነበር ማለቱን አንተውም፤ ግን ሳንቲሙንም እናስነብባቸው። በየዘመኑ ወንበር ላይ የሚወጣውን ሁሉ፣ የእኛ ወገን የሚሉትን ሳይቀር፣ «ይህ ሥራህ አገርን ደስ አሰኝቷል ወይ?» ብለው መጠየቅን ከዚያ ይማሩ።

ቸር ይግጠመን።